አባትሽ አለ

መስከረም 29 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የአባቴን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እጄም ድምፄም ደህና ናቸው። ጎባጢት ግን ታማለች።

በታኅሣሥ መጨረሻ በትልቁ አዳራሽ እንድጫወት ጠርተውኛል። እስከ ዛሬ የተጫወትኩት ወንበራቸው በማይመሳሰል ጠባብ ቤቶች፣ ሰው እየበላ፣ አንዳንዴም እየተጣላ ነበር። አንድ ጋዜጣ ስለ እኔ የጻፈውን ቆርጬ ልኬልዎታለሁ። «ሃርፕ የተባለውን ትልቅ የፈረንጅ በገና እንደ ሰው ሁሉ በቀኝ ትከሻዋ ሳይሆን በግራዋ አስደግፋ፣ ስለ ልብስ ካውያና ስለ ጎረቤት ሳል የራሷን ግጥም የምትዘፍን እንግዳ ሴት» ይላል። እንግዳ ያለኝ ሊያመሰግነኝ ነው አሉኝ። ዝግጅቱ ካማረ ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ እንድጫወት ያዋውሉኛል፤ የሆቴል አንሶላ መተኮስም ያበቃል። ዝግጅቱ አልቆ ዙረቱ ሳይጀመር ግን ወደ ቤት እመጣለሁ። አባቴ በእጁ የሠራት ሃርፕ፣ ጎባጢት፣ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ስትጮህ ሰምቶ አያውቅም። ዝግጅቱን በካሴት ይቀዱታል፤ እኔ እስክመጣ እሱን ይሰማል።

ሕመሟ ይህ ነው። አንገቷና ምሰሶዋ የሚጋጠሙበት ላይ ስንጥቅ ወጥቷል። የክፍሌ ማሞቂያ እንጨቱን አድርቆታል፣ ክሮቹ ደግሞ ሌት ተቀን ይጎትቷታል። ባለፈው ሰኞ ጥፍሬ አይገባበትም ነበር፤ ዛሬ ይገባል። የክር መሣሪያ የሚጠግን ሽማግሌ ዘንድ ወስጃታለሁ። በአንድ ጎኗ ብረት ለብጦ በብሎን አስረዋለሁ ብሏል። ችግሩ፣ አባቴ አንገቷ ውስጥ ወፍራም የእንጨት ችንካር ቀብሯል። ብሎኑ ችንካሩን ከወጋው አንገቷ ይፈነዳል። ከውጭ አይታይም፤ በየት በኩል እንደ ቀበረው የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው። እባክዎ ይጠይቁልኝ፤ ብሎኑ በቀኝ ይግባ ወይስ በግራ?

ሌላ ሃርፕ ተከራዪ የሚሉኝ አሉ። የሰው ሁሉ ሃርፕ በቀኝ ትከሻ የሚያዝ ነው። አባቴ ለእኔ ብሎ ገልብጦ ነው የሠራት። በሌላው ብጫወት የግራ ጫማ በቀኝ አድርጎ እንደ መሮጥ ይሆንብኛል።

ስራ ስለበዛብኝ አሳጥሬያለሁ። ለአባቴ «ሽቦህ አልዛገችም» ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሽቦ

* * *

ጥቅምት 17 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽ በሰላም ደርሶ ተነበበ። ውሎሽንም አዳርሽንም የሰላም ያድርግልሽ። ከሰላምታው ቀጥሎ እርማት ነው። «ደኅና» የሚጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተሻል። «ሥራ» በንጉሡ ሠ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ካስተማረች ሴት ቤት ወጥተሽ እንዲህ መጻፍሽ ያሳፍራል። ደብዳቤሽን በቀይ አርሜ መልሼ ልኬልሻለሁ፤ ከፊትሽ አስቀምጠሽ ቅጂው።

ጋዜጣውን አይቼዋለሁ። ስለ ልብስ ካውያ ይዘፈናል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ዘመኑ የእኔ አይደለም። በቀኝ የሚያዝን ነገር በግራ መያዝ ግን እልኸኝነት ነው። አንደኛ ክፍል ሳለሽ ግራ እጅሽን በጨርቅ ወደ ኋላ ያሰርኩት እንዲህ ያለው ነገር እንዳይመጣ ብዬ ነበር። ጽሕፈትሽ ተቃና። አባትሽ ግን ከኋላዬ ሄዶ ግራ ትከሻ ላይ የሚደገፍ ዕቃ ሠራልሽ፤ ሲጨርስም «እትዬ፣ አንቺ ያሰርሽውን እኔ ፈታሁት» ብሎ ሳቀብኝ።

አባትሽ አለ። ጥያቄሽ ደርሶታል፤ መልሱን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።

አንድ ነገር ላኪልኝ። ከምትሠሪበት ቤት ሰፋ ያለ የላስቲክ አንሶላ ይገኝ እንደሆነ፣ ውኃ የማያሳልፍ ይሁን። የቤቱ ጣሪያ ያፈስሳል።

ፈጣሪ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ።

አክስትሽ

* * *

ጥቅምት 30 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

በያላችሁበት ሰላም ይክበባችሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ በብዙኃኑ ኀ ነው ደኅና የሆንኩት።

ቀይ በቀይ የሆነችው ደብዳቤዬ ደርሳለች። የካውያ ቤቱ አለቃዬ አይታት «ፍርድ ቤት ከሰሰሽ እንዴ?» አለችኝ። «ፍርድ ቤትማ ይግባኝ አለው፤ ይቺ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አንሶላ በተገላቢጦሽ ባጠፍኩ ቁጥር «ለአክስትሽ እጽፍላታለሁ» እያለች ታስፈራራኛለች።

ላስቲኩን ልኬያለሁ። ሆቴሉ ለሕፃናት አልጋ የሚያነጥፈው ነው። ለጣሪያ እንዴት እንደሚሆን አላወቅኩም። አባቴ ምን ነክቶት ነው የሰው ቤት ሲከድን ኖሮ የራሱን የሚያስፈስሰው?

«አባትሽ አለ» ብለው ጽፈው አራት ነጥብ አድርገዋል። ምን አለ? ያለውን መጻፍ ረሱት እንዴ? እርስዎ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲሠሩ ስላየሁ ወረቀቱን ለማስታወሻ አስቀምጬዋለሁ።

እትዬ፣ ቀልዱን ትቼ፣ ስንጥቁ አሁን የካርቶን ጫፍ ያስገባል። ወፋፍራሞቹን ክሮች አላልቼ ነው የምለማመደው፤ ዘፈኖቼም እግራቸው ተቆርጦ ቀርተዋል። ሽማግሌው ታኅሣሥ ሲጋመስ ሱቁን ዘግቶ ልጁ ዘንድ ይሄዳል። ከዚያ በፊት መልሱ ካልደረሰኝ ጎባጢትን ይዤ አዳራሽ መግባት አልችልም። አዳራሹን ከተውኩ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም።

በባለሱቁ ስልክ ልደውል? ቀኑን ይንገሩኝና አባቴን ይዘውት ይምጡ። እሱ ካልሆነ ደግሞ በራሱ እጅ አንዲት ቃል ብቻ ይጻፍልኝ፤ ወይ ቀኝ፣ ወይ ግራ። ቢሳሳት አያርሙት።

ልጅዎ ሽቦ

* * *

ኅዳር 19 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ላስቲኩ ደርሷል፤ ለጉዳዩ ተስማምቷል።

የጻፍኩት ስሕተት አይደለም። «አለ» ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል፤ ላልቶ ሲነበብ መናገርን። በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው አንባቢው ነው። እኔ የጻፍኩት ጠብቆ የሚነበበውን ነበር። አሁን የምጽፍልሽን ደግሞ አላልተሽ አንብቢው።

አባትሽ «ብሎኑ በቀኝ በኩል ይግባ» አለ።

የባለሱቁ ስልክ ተቆርጧል፤ አትደውዪ። የእጅ ጽሑፍ ማለትሽ አልገባኝም። አባትሽ በዕድሜው ሙሉ እርሳስ የያዘው ጣውላ ላይ ሊያሰምርበት ነው።

ክዳን ያለው፣ አፉ እንደ ማንቆርቆሪያ ወጣ ያለ ኩባያ ካገኘሽ ላኪልኝ። የማይሰበር ይሁን። ለምን እንደሆነ አትጠይቂ፤ እርጅና ዕቃው ብዙ ነው።

የጀመርሽውን ለመጨረስ ያብቃሽ።

አክስትሽ

* * *

ታኅሣሥ 6 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

እንደ ምን ሰነበታችሁልኝ? ተመስገን፣ ጎባጢት ታከመች!

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ከሥራ ሳልወጣ አስፈቅጄ ሮጥኩ። ሽማግሌው አንገቷን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። ከዚያ ቀና አለና ችንካሩ ያለው በቀኝ ይመስለኛል፣ በግራ ብበሳ ነው ልቤ የሚያርፈው አለኝ። የሠራት ሰው በቀኝ ይሁን ብሏል አልኩት።

«ሰውዬው እርግጠኛ ነው?»

«አባቴ የማይዋሽበት ነገር የለም። ዓሣ አጥምጄ ነበር ይላል፣ ከሚኒስትር ጋር ካርታ ተጫውቻለሁ ይላል። እንጨት ላይ ግን ዋሽቶ አያውቅም።»

ሽማግሌው ሳቀ። «እንግዲህ አባት ካለ ምን እላለሁ» ብሎ በቀኝ በሳ። መሰርሰሪያው መሃል ላይ ሲደርስ፣ ሩዝ ውስጥ ጠጠር እንደ ነከሰ ጥርስ ቀጭ አለ። ቆም ብሎ አየኝ። ይቀጥሉ አልኩት። ቀጠለ።

አሁን ብረቱ ለብሷት ክንዷ የተጠገነ ቦክሰኛ መስላለች። ወፋፍራሞቹን ክሮች ሁሉ መልሼ ወጥሬያለሁ። ለአባቴ በቀኝ ማሠራቴን ይንገሩልኝ፤ በእሱ ቃል እንደ ሄድኩ ይወቅልኝ።

ኩባያውን ልኬያለሁ። ጥርስዎ ነው የታመመው? ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ከአባቴ አንድ ቀልድ አልመጣልኝም። ድሮ ከሰላምታው በፊት ቀልዱ ነበር የሚቀድመው፤ እርስዎም «ይህ የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም» እያሉ ነበር የሚጽፉት። ተቀይሞኛል?

ልጅዎ ሽቦ

* * *

ታኅሣሥ 21 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ኩባያው ደርሷል።

ደብዳቤሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልዘልል አነበብኩለት። አልተቀየመሽም። ብሎኑ በቀኝ መግባቱን ሳነብለት እጁን አንሥቶ አልጋውን ደበደበ። ቆም አድርጌ እንደገና ባነብለት እንደገና ደበደበ። እንባውም ወረደ። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

በአዳራሹ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ቃላቱን አትዋጪ፤ የኋለኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠውም ሰው ነው። ጣቶችሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ።

አክስትሽ

* * *

የካቲት 4 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታው ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሁለት ዘፈን ተጫወትኩ። በሁለተኛው ላይ ሰው መሳል እንኳን ትቶ ነበር። ሦስተኛው ስለ አባቴ መጋዝ የጻፍኩት ነው፤ ወፋፍራሞቹን ክሮች በኃይል ይፈልጋል። መሃሉ ላይ የጎባጢት አንገት ፈነዳ። ክሮቹ ባንድ ጊዜ ለቀቁ፤ አንገቷ ከነብረቱ ቀኝ እጄ ላይ ወደቀ። ሰው አጨበጨበ። እንግዳ ሴት ናት ተብሎ ተጽፎ የለ፣ የዝግጅቱ አካል መሰላቸው። ደሙን እስኪያዩ ድረስ አጨበጨቡ።

ሁለቱ ጣቶቼ አይታጠፉም። ሐኪሟን ወደፊትስ ብዬ ጠየቅኳት። «ማንኪያ ትይዢበታለሽ» አለችኝ። አዳራሾቹ ውላቸውን ትተውታል። ካውያም በአንድ እጅ አይሆንም፤ አለቃዬ አዝናልኝ ካልሲ እየለየሁ እንድውል አድርጋለች። ከእንግዲህ በእርስዎ አታስፈራራኝም።

ሽማግሌው ልጁ ዘንድ ሳለ ሰምቶ፣ የተሰበረውን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልሎ ሐኪም ቤት ድረስ መጣ። ችንካሩ በቀኝ ነበር። ብሎኑ መሃሉን ወግቶታል። ቁራጩን ጭኔ ላይ አስቀምጦ «አባትሽ ተሳስቷል» አለኝ። አባቴ አልተሳሳተም አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ያኔ አላወቅኩም።

ክፍሌ ስመለስ የታኅሣሡ ደብዳቤዎ በበሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት። አባቴ አልጋ ላይ ምን ይሠራል? ትኩሳት ይዞት እንኳን አውደልድሎ የሚውል ሰው ነበር። ከዚያ ላስቲኩ ትዝ አለኝ። ከዚያ ኩባያው።

እትዬ፣ አባቴ ይናገራል? «በቀኝ» ያለው ማን ነው?

ካሴቱን ልኬያለሁ። ይሰማል ብዬ ቃል ስለገባሁለት ነው። ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ ሰው ያጨበጭባል፤ እዚያ ላይ ያቁሙት። መሰበሯን እንዳይነግሩት። እጄንም።

ሽቦ

* * *

የካቲት 25 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላረምኩትም።

አባትሽ አይናገርም። ጥቅምት በገባ በአራተኛው ቀን የሰው መስኮት እየገጠመ ሳለ ከመሰላሉ ወረደና በተጣመመ አፍ ሥራውን የሚያሠራውን ሰው አየው አሉ። ሰውየው የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ቤት ይዘውት ሲመጡ ቀኝ ጎኑ ሞቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ከአፉ አልወጣም። የሚንቀሳቀስለት ግራ እጁ ብቻ ነው። ሲሰማ ግን ይሰማል፤ ዓይኑ ላይ አየዋለሁ።

ያልጻፍኩልሽ አዳራሹን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። አንቺን ሳልጠይቅ የቱ እንደሚበልጥ እኔ ወሰንኩልሽ።

ጥያቄሽን ያነበብኩለት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው። እንደ ጻፍሽው አድርጌ «በቀኝ ይግባ ወይስ በግራ?» አልኩት። ግራ እጁን አነሣ። ተማሪ ሁለት ነገር በአንድ ጥያቄ ሲጠይቀኝ የማልመልስ ሴት ነኝ፤ እሱን ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ ጠየቅኩት። ሌላ የሚያነሣው እጅ ስለሌለው፣ አዎ ማለቱ ነው አልኩ። አዎ ያለውም ለመጀመሪያው፣ ለቀኝ ነው አልኩ። እንደገና ጠየቅኩት፤ እንደገና ያንኑ እጅ አነሣ። ግራ ገብቶታል ብዬ ተነሣሁና ጻፍኩልሽ። ግራ አልገባውም ነበር። ግራ ነበር የሚለው።

አላልተሽ አንብቢው ብዬ የጻፍኩልሽ «አለ» ሐሰት ነው። የማይናገር ሰው ይህን አለ ብዬ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቼ፣ ማን እንደሚያነበው እያወቅኩ ጻፍኩ። አልጋውን የደበደበው ተደስቶ አልነበረም። ይጮህብኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደስ አለው ብዬ ሁለተኛ ጊዜ አነበብኩለት።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍልሽም። እጅሽን የሚያጥፈው ቢሆን እጽፈው ነበር።

ካሴቱን ትናንት በቀን አሰማሁት። ባለሱቁ ማጫወቻውን አውሶኝ ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩት። በመጀመሪያው ዘፈን ግራ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። በሁለተኛው ቆሙ፤ እሱ ግን አልተኛም። ሰው ሲያጨበጭብ እንዳልሽኝ ዘጋሁት።

አየኝ። «ይበቃሃል ወይስ ልቀጥል?» አልኩት። ግራ እጁን አነሣ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅኩት። ተቀመጥኩ። ለየብቻ ጠየቅኩት። «ይበቃሃል?» እጁ አልተነሣም። «ልቀጥል?» ተነሣ። የሚሰማ ነገር አይደለም፣ ልጅቷም አደራ ብላለች አልኩት። እጁን እንዳነሣ ቆየ፤ ክንዱ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር አላወረደውም። ከፈትኩት። አደራሽን በላሁ፤ ለእሱ ግን ከዚህ በኋላ የምመልስለት እኔ አይደለሁም።

የመጋዙን ዘፈን ሰማ። ቃላቱን አልዋጥሽም፤ ሁሉም ይሰማል። ስትሰበር እንጨቱን ከእኔ ቀድሞ ለየው፤ መላ ሰውነቱ ዘለለ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። ይኼኔ አባትሽ ዓይኑን ጨፈነ። ከጭብጨባው በኋላ ያለውንም ሰማ። እሱን አልጽፈውም፤ አንቺ እዚያ ነበርሽ።

ካሴቱ ሲያልቅ ግራ እጁን አንሥቶ ግራ ትከሻው ላይ አሳረፈ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም። ያየሁትን ነው የጻፍኩልሽ፤ ከራሴ አልጨመርኩበትም።

ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሎኛል። ከትናንት ጀምሮ በኩባያውም መዋጥ አስቸግሮታል። ይህ ደብዳቤ የሚወስደውን ጊዜ ታውቂዋለሽ፤ ልምጣ ወይስ ልቅር ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ። ዛሬ፣ ይህን ስጽፍ፣ አባትሽ አለ።

አጥብቀሽ አንብቢው።

አክስትሽ